የቤት ውሃ ግፊትና የግፊት ልጓም

በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው ስለ ቧንቧ ውሃ የሚናገረው ሁሉ ቢሰበሰብ ዘጠኝ እጁ ስለ ውሃው መጥፋት ነው። «ዛሬ መጣ ወይ?»፥ «በፈረቃችን ቀን ሳይመጣ ቀረ»፥ «ሌሊት መጥቶ ሳንነቃ ሄደ» ሲባል እንሰማለን። ስለዚህ ውሃው በመጣ ጊዜ ከመጠን በላይ ተገፍቶ ስለሚያደርሰው ጉዳት ልጽፍ ብነሣ፥ «ለራበው ሰው ስለ ጥጋብ በሽታ ምን ይነገረዋል?» የሚል አንባቢ አይታጣም። ነገር ግን ማጣቱና መብዛቱ በአንድ ቤት ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ቀን ጠብታ ያጣው ቧንቧ ሌሊት ስምንት ሰዓት ሲሆን ያጓራል፤ የእጅ መታጠቢያው ቱቦ ይንቀጠቀጣል፤ ጠዋት ወለሉ ረጥቦ ይገኛል። በስንት ጥበቃ የተገኘው የፈረቃ ውሃም በዚያው ሌሊት ማንም ሳይጠጣው ወደ ፍሳሽ ይወርዳል። ይህን የሚገታ አንድ ትንሽ የነሐስ መሣሪያ አለ፤ ግፊት ቀናሽ ቫልቭ ይባላል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ የግፊት ልጓም እለዋለሁ፤ ሥራው በእርግጥ የልጓም ሥራ ነውና።

ልጓሙን ከማየታችን በፊት ፈረሱን እንወቅ። ግፊት ምን እንደ ሆነ ፊዚክስ የተማረ ጓደኛዬ ሁሉ በቃሉ ይዞታል፤ ኃይል ለስፋት ሲካፈል ግፊት ይባላል። ይህ በፈተና ወረቀት ላይ ሙሉ ነጥብ ያሰጣል፤ ነገር ግን በቤታችን ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት ከየት እንደ መጣ አይነግረንም። ለዚህ አንድ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል። በጎኑ ላይ ከላይ እስከ ታች ሦስት ቀዳዳ በምስማር ብሡና ውሃ ሙሉበት። ከላይኛው ቀዳዳ የሚወጣው ውሃ ደከም ብሎ ይወርዳል፤ ከመካከለኛው የሚወጣው ይሻላል፤ ከታችኛው የሚወጣው ግን በኃይል ይፈናጠራል። ጠርሙሱ ወፍራም ይሁን ቀጭን፥ የያዘው ውሃ አንድ ሊትር ይሁን አንድ በርሜል፥ ለውጥ የለውም። ቁም ነገሩ ከቀዳዳው በላይ የቆመው የውሃ ቁመት ብቻ ነው። ውሃው 10 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከቆመ ከሥሩ ያለው ግፊት 1 ባር ገደማ ይሆናል፤ 30 ሜትር ከቆመ 3 ባር፤ 80 ሜትር ከቆመ 8 ባር። አንድ ባር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ያህል ክብደት ተቀመጠ ማለት ነው። የአውራ ጣታችን ጫፍ ሦስት ካሬ ሳንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው፥ 8 ባር የሚገፋውን ቧንቧ በጣታችን ለመድፈን 24 ኪሎ ያህል መቋቋም አለብን። ሕፃን ልጅ ቧንቧ በጣቱ ይዞ ሲጫወት ውሃው ፊቱን የሚያለብሰው ስለዚህ ነው።

ይህን ሕግ ግንበኞቻችን ያለ ትምህርት ቤት ያውቁታል። የመሠረቱን ልክ ለማስተካከል ውሃ የሞላበት ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ይዘው አንዱ በዚያኛው ጥግ፥ ሌላው በወዲህኛው ጥግ ይቆማሉ፤ ቱቦው በመካከል ጉድጓድ ውስጥ ቢገባም ቢጠማዘዝም የሁለቱ ጫፍ ውሃ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1880ዎቹ ዓ.ም.፥ የስዊስ ተወላጅ የሆነው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ተዳፋት ወደ ቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ ያስመጣው በዚሁ ሕግ ነው። ቤተ መንግሥቱ በኮረብታ ላይ ስለ ሆነ ውሃው ወርዶ እንደገና መውጣት ነበረበት። ውሃ ሽቅብ ሲወጣ ላየ የዚያን ጊዜ ሰው ነገሩ ተአምር ቢመስለው አይፈረድበትም፤ ውሃው ግን ከምንጩ ከፍታ በታች እስካለ ድረስ ሽቅብ ለመውጣት የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ስለ ግፊት ሲነሣ ፈረንሳዊውን ብሌዝ ፓስካልን ሳይጠቅሱ ማለፍ ይከብዳል። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1648 ፓስካል የእኅቱን ባል ፒዩይ ደ ዶም ወደሚባል ተራራ በሜርኩሪ የተሠራ የአየር ግፊት መለኪያ አስይዞ ላከው፤ ከተራራው ጫፍ ሲደርስ ሜርኩሪው ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ያንሳል ማለት ነው። ይህ ለእኛ ለደገኞቹ ትርጉም አለው፤ የአዲስ አበባ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ ከ10 ሜትር ጥልቀት ውሃ ሊስብ የሚችል ፓምፕ እዚህ 8 ሜትር አይሞላለትም። ይህን የጉድጓድ ፓምፕ የሚገዙ ሰዎች ቢያውቁት መልካም ነበር፤ ከርእሳችን ግን ትንሽ ያርቀናል። ዛሬ የግፊት መለኪያ አሐድ በፓስካል ስም ይጠራል፤ 1 ባር 100,000 ፓስካል ነው። በውሃ ማሞቂያ ዕቃ ላይ 0.8 ሜጋ ፓስካል የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው 8 ባር ብሎ ያንብበው።

እንግዲህ ወደ ከተማችን እንመለስ። አዲስ አበባ ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አቃቂ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ከእንጦጦ ጫፍ የተነሣ ውሃ ባልተቆራረጠ አንድ ቧንቧ ቦሌ ቢደርስ ግፊቱ ከ65 ባር በላይ በሆነ ነበር፤ እንዲህ ያለውን የሚችል የቤት ቧንቧ የለም። ስለዚህ የከተማ ውሃ በየከፍታው በተሠሩ ማጠራቀሚያዎች ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ማጠራቀሚያ ከበታቹ ላለው ሠፈር ያደርሳል። በገጠርም ከተራራ ምንጭ ውሃ ሲወርድ በመንገዱ ላይ ግፊት ሰባሪ የሚባል ትንሽ ገንዳ ይሠራል። ውሃው በገንዳው ውስጥ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ድካሙን ያራግፍና እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ቀላልና የማይበላሽ ዘዴ ነው። ነገር ግን በአንድ ሠፈር ውስጥ እንኳ ከማጠራቀሚያው ሥር ያለው ቤትና ከወንዙ ዳር ያለው ቤት አንድ ዓይነት ግፊት አያገኙም። የላይኛው ሲደርቅ የታችኛው ይፈነዳል ማለት ይቻላል።

ግፊቱ በሌሊት የሚበረታበት ምክንያት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ስለ ሆነ ረጋ ብለን እንየው። «ሌሊት ውሃውን አብዝተው ይለቁታል» የሚሉ አሉ። ይህ አንዳንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ማንም ምንም ባይነካም ግፊቱ ይነሣል። ማጠራቀሚያው ከቤታችን በ80 ሜትር ከፍ ይላል እንበል። ውሃው በቧንቧው ውስጥ ቆሞ ቢሆን 8 ባር እናገኛለን። ቀን ግን ሠፈሩ ሁሉ ይቀዳል፤ ውሃው በቧንቧው ውስጥ ሲሮጥ ከቧንቧው ግድግዳ ጋር ይፋተጋል፤ በዚህ ፍትጊያ 5 ባር ቢጠፋ ለእኛ የሚደርሰው 3 ባር ነው። ፍትጊያው ደግሞ ከፍሰቱ ጋር እኩል አይሄድም፤ በካሬው ገደማ ይሄዳል። ማታ የሠፈሩ ፍጆታ በግማሽ ቢቀንስ የሚጠፋው ግፊት ወደ ሩብ ይወርዳል፤ 5 የነበረው 1.25 ይሆናል፤ እኛ ዘንድም 6.75 ባር ይደርሳል። ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ፍሰቱ ኢምንት ስለሚሆን ሙሉው 8 ባር ከደጃችን ይቆማል። ቧንቧው የሚያጓራው ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

ከመጠን ያለፈ ግፊት ምን ያደርጋል? አንደኛው ጉዳት ብክነት ነው። ከአንድ ቀዳዳ የሚወጣው የውሃ ብዛት በግፊቱ ካሬ ሥር መጠን ይጨምራል። 8 ባር ላይ የሚፈሰው ውሃ 2 ባር ላይ ከሚፈሰው እጥፍ ነው፤ አራት እጥፍ ግፊት፥ ሁለት እጥፍ ውሃ። እጃችንን ለመታጠብ የሚበቃን ውሃ በግፊቱ ምክንያት አይለወጥም፤ የሚለወጠው በጣቶቻችን መካከል አልፎ የሚሄደው ነው። ሁለተኛው ጉዳት በጎማ ማሸጊያዎችና በተጣጣፊ ቱቦዎች ላይ የሚደርሰው ነው። ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለው በሽቦ የተሸመነ ቱቦ፥ የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ መዝጊያ፥ የልብስ ማጠቢያው ቱቦ፥ እነዚህ ሁሉ በየሌሊቱ ይለጠጣሉ፥ በየቀኑ ይላላሉ። ሽቦ ደጋግመው ሲያጣጥፉት እንደሚበጠስ ሁሉ እነርሱም አንድ ቀን ይለቃሉ።

ሦስተኛው ምት ነው። የሚሮጥ ውሃ ክብደት አለው፤ ቧንቧውን በድንገት ብንዘጋው ቆም ሊል አይፈልግም፤ ግድግዳውን ይመታል፤ ምቱም በቧንቧው ውስጥ እንደ ድምፅ ሞገድ ወደ ኋላ ይመለሳል። «ዷ!» የሚለውን ድምፅ ሁላችንም ሰምተነዋል። ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ዡኮቭስኪ የዚህን ምት ስሌት በአውሮጳ አቆጣጠር በ1898 አሳተመ። በብረት ቧንቧ ውስጥ ሞገዱ በሴኮንድ 1,200 ሜትር ያህል ይሮጣል፤ በሴኮንድ አንድ ሜትር የሚፈስ ውሃ በቅጽበት ቢቆም ለአፍታ 12 ባር ያህል ተጨማሪ ግፊት ይፈጠራል። 8 ባር ላይ 12 ሲደመር 20 መሆኑን ለማስላት ወረቀት አያስፈልግም። የፕላስቲክ ቧንቧ ስለሚለጠጥ ምቱ ይለዝባል፤ ግን አይቀርም። ግፊቱ ሲቀንስ የውሃው ሩጫ ስለሚቀንስ ምቱም አብሮ ይቀንሳል።

በሠፈራችን የሆነውን አንድ ነገር እዚህ ላይ ልናገር፤ ሰዎቹን የሚያውቅ ቢኖር ስማቸውን አያንሣ። በአንድ ቤት የውሃ ሒሳብ ሁለት ወር በተከታታይ እጥፍ ሆኖ መጣ። ቤተሰቡ አልጨመረ፥ እንግዳ አልመጣ፥ የተሰበረ ቧንቧ አልታየ። ቀን ቀን እትዬ ራሳቸው እየዞሩ ቧንቧውን ሁሉ ቢያዩ አንድም ጠብታ የለም። ስለዚህ ጥርጣሬው በቤት ሠራተኛዪቱ ላይ ወደቀ፤ ልብስ ስታጥብ ቧንቧ ከፍታ ከጎረቤት ጋር ታወራለች ተባለ። ልጅቱ ብትምልም የሚያምናት አልተገኘም፤ ወሩ ሲያልቅ እንድትሄድ ተነገራት። በዚህ መካከል ከእኛ ትምህርት ቤት የሚማረው የቤቱ ልጅ ቀላል ነገር አደረገ፤ ማታ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ የቆጣሪውን ቁጥር በደብተሩ ጻፈ፥ ጠዋት ማንም ሳይነሣ እንደገና ጻፈ። ግማሽ ሜትር ኩብ፥ ማለት 500 ሊትር፥ በሌሊት ሄዷል። ማኖሜትር ተበድሮ የግቢውን ቧንቧ ቢለካ ቀን 3 ባር የነበረው ሌሊት 9 ሆኖ ተገኘ። የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ተንሳፋፊ መዝጊያ 3 ባር ይችላል፤ 9 ግን አይችልም፤ ሌሊቱን ሙሉ ውሃው በማጠራቀሚያው የትርፍ መውጫ ቱቦ ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ ይወርድ ነበር። ንጋት ላይ ግፊቱ ሲቀንስ መዝጊያው እንደገና ይዘጋል፤ ቀን የፈለገ ሰው ምን ያገኛል? እትዬ ልጅቱን ጠርተው ይቅርታ ጠየቋት፤ እስከ ዛሬም በዚያው ቤት አለች። ከቆጣሪው በኋላም ግፊት ቀናሽ ቫልቭ ተተከለ።

አሁን ስለ መሣሪያው አሠራር እንመልከት። መሣሪያው የእጅ ጭብጥ የሚያህል የነሐስ አካል ሲሆን በአንድ ወገን ውሃው ይገባል፥ በሌላው ይወጣል። በውስጡ ያሉት ዋና ነገሮች ሦስት ናቸው ቢባል ይበቃል፤ አንድ ሞላ፥ አንድ ክብ የጎማ ሽፋንና ከጎማው ጋር በዘንግ የተያያዘ መዝጊያ። ሞላው ከላይ ሆኖ ጎማውን ወደ ታች ይጫነዋል፤ ጎማው ሲወርድ መዝጊያው ይከፈታል፤ ውሃም ወደ ቤት ያልፋል። ወደ ቤት ያለፈው ውሃ ደግሞ ከጎማው ሥር ገብቶ ወደ ላይ ይገፋዋል። የቤቱ ግፊት ሲጨምር ጎማው ሞላውን እየጨመቀ ይወጣል፥ መዝጊያውም አብሮ ይዘጋል። አንድ ሰው ቧንቧ ሲከፍት የቤቱ ግፊት ይወርዳል፤ ሞላው ያሸንፋል፤ ቫልቩ እንደገና ይከፈታል። በዚህ ዓይነት ሞላውና ውሃው ቀንና ሌሊት ሲገፋፉ ይኖራሉ። ኤሌክትሪክ የለ፥ የሚጠብቀው ሰው የለ፤ ራሱን በራሱ ያስተዳድራል። እኔ በበኩሌ ከቤት ዕቃ ሁሉ ይህን ያህል የሚያስደንቀኝ የለም።

በቁጥር እንየው። የጎማው ስፋት 20 ካሬ ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ሞላው በ60 ኪሎ ኃይል ቢጫን፥ ሚዛኑ የሚደርሰው የቤቱ ግፊት 3 ባር ገደማ ሲሆን ነው፤ 60 ለ20 ሲካፈል 3 ነውና። ከላይ ያለው ቡሎን ሲጠብቅ ሞላው ይጨመቃል፥ የቤቱ ግፊት ይጨምራል፤ ሲላላ ይቀንሳል። «ከውጭ የሚመጣው ግፊት ሲለዋወጥስ?» ብሎ የሚጠይቅ ብልህ አንባቢ ይኖራል። የውጭው ውሃ መዝጊያውን መግፋቱ አይቀርም፤ ነገር ግን የመዝጊያው ስፋት 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ከ3 ወደ 8 ባር ቢነሣ ልዩነቱ 5 ኪሎ ነው። 5 ኪሎ ለ20 ሲካፈል ሩብ ባር ይሆናል። ከውጭ 5 ባር ሲጨምር በቤት ውስጥ የሚረብሸው ሩብ ባር ብቻ! የጎማው ስፋትና የመዝጊያው ጠባብነት ምሥጢር ይህ ነው። በተሻሉት መሣሪያዎች ይህች ሩብም እንድትጠፋ የውጭው ግፊት ከሁለት ወገን እኩል እንዲገፋ ተደርጎ ይሠራል።

ብዙውን ጊዜ እነዚህ መሣሪያዎች ከፋብሪካ ሲወጡ 3 ባር ላይ ተስተካክለው ነው፤ ለተለመደው ቤት ይህ ይበቃል። በአሜሪካ የቧንቧ ሥራ ደንቦች ከውጭ የሚመጣው ግፊት ከ5.5 ባር በላይ ከሆነ መሣሪያውን መትከል ግዴታ ነው።

ሆኖም ይህ መሣሪያ ለሁሉም ቤት አይደለም፤ ሻጩ ለሁሉም ያስፈልጋል ቢልም። በብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች የመንገዱ ውሃ በቀጥታ ወደ ጣራው ሮቶ ይወጣል፤ ቤቱ የሚጠቀመው ከሮቶው ነው። ሮቶው ከቧንቧው በ4 ሜትር ከፍ ቢል ግፊቱ 0.4 ባር ብቻ ነው፤ ሌሊትም ቀንም ያው ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ልጓም የሚያስፈልገው ፈረስ የለም፤ ይልቁንም ሻወሩ ደከመ እየተባለ ትንሽ ፓምፕ ይገዛል። በዚህ ቤት ግፊቱ የሚጎዳው ከቆጣሪው እስከ ሮቶው ያለውን ቧንቧና በሮቶው አፍ ያለውን ተንሳፋፊ መዝጊያ ብቻ ነው። ሮቶው ሌሊት ሞልቶ ጣራው ላይ የሚፈስ ከሆነ ግን መሣሪያው እዚያም ሥራ አለው። አንዳንድ ቤት ደግሞ ሁለቱንም ያደባልቃል፤ ወጥ ቤቱና የግቢው ቧንቧ ከመንገድ፥ መታጠቢያ ቤቱ ከሮቶ። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የቤቱን ቧንቧ ተከትሎ የትኛው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይገባል። አባቶችና እናቶች ይህን ሥራ ለልጆቻቸው ቢሰጡ ልጁ በአንድ ቅዳሜ ይጨርሰዋል።

ረጃጅም ፎቆች የተለየ ነገር አላቸው። 20 ፎቅ ያለው ሕንፃ ማጠራቀሚያው ከጣራው ላይ ቢሆን፥ እያንዳንዱ ፎቅ 3 ሜትር ቢቆጠር፥ ምድር ቤት ያለው ሰው 6 ባር ይወርድበታል፤ የመጨረሻው ፎቅ ነዋሪ ግን ከጣራው ጥቂት ሜትር በታች ስለ ሆነ ግማሽ ባር አያገኝም። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሀብታምና ድኃ ማለት ይህ ነው፤ ያውም የታችኛው ሀብታም ሆኖ። ስለዚህ በታችኞቹ ፎቆች መግቢያ ላይ ልጓሙ ይተከላል፥ ለላይኞቹም ፓምፕ ይጨመርላቸዋል።

አንድ ሌላ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ግፊትና ፍሰት አንድ አይደሉም። «ግፊት የለንም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ግፊት አለው፥ ፍሰት ግን የለውም። ቧንቧው ሲዘጋ ማኖሜትሩ 4 ባር ያሳያል፤ ሲከፈት ግን ውሃው እንደ ክር ይቀጥናል። ይህ የሚሆነው የቆየው የብረት ቧንቧ በዝገት ጠቦ ወይም ከቧንቧው አፍ ያለው ማጣሪያ በአሸዋ ተደፍኖ ነው። እንዲህ ላለው በሽታ ቫልቩም ፓምፑም መድኃኒት አይሆንም፤ መድኃኒቱ ማጽዳት ነው። ለማወቅ አንድ 10 ሊትር ባልዲና ሰዓት ይበቃል፤ ባልዲው በስንት ሴኮንድ እንደ ሞላ ጽፎ ከማኖሜትሩ ጋር ማስተያየት ነው። ደግሞም ስሙ እንደሚለው መሣሪያው ቀናሽ ነው፤ ግፊት ሊጨምር አይችልም። 1 ባር በሚደርሰው ቤት 3 ባር ላይ የተስተካከለ ቫልቭ ቢተከል ዝም ብሎ ተከፍቶ ይቀመጣል።

ወደ አተካከሉ ስንመጣ፥ ቆጣሪው የውሃ መሥሪያ ቤቱ ንብረት ስለ ሆነ እርሱንና ከእርሱ በፊት ያለውን መንካት አይገባም። መሣሪያው የሚተከለው ከቆጣሪው በኋላ፥ ቧንቧው ወደ ክፍሎቹ ከመከፋፈሉ በፊት ነው። ከፊቱ ማጥፊያ ቫልቭና ማጣሪያ፥ ከኋላው ማኖሜትር ቢኖር ሥራው የተሟላ ይሆናል። በአካሉ ላይ የተቀረጸው ቀስት ውሃው የሚሄድበትን አቅጣጫ ያሳያል፤ ተገልብጦ ከተተከለ አይሠራም። በፈረቃ ውሃ ለምንኖር ለእኛ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ማጣሪያው ነው። ቧንቧው ለቀናት ደርቆ ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ አየር፥ ቀጥሎ ቡናማ ውሃ ከዝገትና ከደለል ጋር ይመጣል። ከዚህ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በመዝጊያውና በመቀመጫው መካከል ብትገባ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ስለዚህ ከቫልቩ በፊት አንድ የግቢ ቧንቧ ማስቀመጥ፥ ውሃው በተመለሰ ቁጥርም እርሱን አስቀድሞ ከፍቶ እስኪጠራ ማፍሰስ ብልህነት ነው። የፈሰሰውም በባልዲ ይያዝ፤ ለአትክልት ይሆናል።

ለማስተካከል መጀመሪያ የቤቱ ቧንቧዎች ሁሉ ይዘጉና ማኖሜትሩ ይነበባል። ቡሎኑ በእንግሊዝ ቁልፍ ወይም በካቻቪቴ ጥቂት ጥቂት ይዞራል፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ይጨምራል፥ ወደ ግራ ሲዞር ይቀንሳል። በየዙሩ አንድ ቧንቧ ከፍቶ መዝጋት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ በቤቱ ውስጥ ታፍኖ የቆየው የድሮ ግፊት መውጫ ስለማያገኝ ንባቡ አይወርድም። ሁለት ቧንቧ አብሮ ሲከፈት መርፌው ትንሽ ቢወርድ የመሣሪያው ጠባይ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። ብልሽት የሚባለው ሌላ ነው፤ ማታ ሁሉን ዘግተው 3 ባር ያነበቡት ጠዋት 6 ወይም 7 ሆኖ ከተገኘ መዝጊያው ቆሽሿል ወይም ጎማው አርጅቷል። ያን ጊዜ የቧንቧ ሠራተኛ ይጠራ፤ ፈትቶ ያጥበዋል፥ ካልሆነም የውስጡን ክፍል ይለውጠዋል።

የመጨረሻው ነገር የውሃ ማሞቂያውን፥ ቦይለር የምንለውን፥ ይመለከታል፤ ይህኛው የሕይወት ጉዳይ ስለ ሆነ ወላጆች በተለይ እንዲያነቡት እለምናለሁ። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ መቶ እጅ አንድ ተኩል ያህል ይጨምራል፤ 80 ሊትር የሚይዝ ቦይለር 1.2 ሊትር ትርፍ ውሃ ያወጣል ማለት ነው። ውሃው ከሮቶ በቀጥታ የሚመጣ ከሆነ ይህ ትርፍ ወደ ሮቶው ይመለሳል፥ ማንም አያውቀውም። ቀድሞ ከመንገድ በሚመጣ ቧንቧም ወደ መንገዱ ሊመለስ ይችል ነበር። ግፊት ቀናሽ ቫልቭ ሲተከል ግን መመለሻው ብዙውን ጊዜ ይዘጋል፤ ትርፉ ውሃ መሄጃ ስለሌለው ግፊቱ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ በቦይለሩ ቀዝቃዛ ውሃ መግቢያ ላይ ያለው ትንሹ የደኅንነት ቫልቭ ውሃው በሚሞቅበት ጊዜ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። ይህ ሥራውን እየሠራ ነው እንጂ አልተበላሸም። ከሥሩ ቀጭን ቱቦ ተደርጎ ወደ ፍሳሽ ይወሰድ፤ ወይም ትርፉን የሚቀበል በውስጡ አየር ያለበት ትንሽ ማስፋፊያ ጋን ይጨመር። አንዳንድ ሰዎች ግን ጠብታው ስላስቸገራቸው መውጫውን በቡሎን ደፍነውት ይታያል። የቦይለሩ ሙቀት መቆጣጠሪያ ድንገት ቢበላሽና ውሃው ያለ ልክ ቢሞቅ ያ የተደፈነው ቀዳዳ ብቸኛ መውጫ ነበር። የተደፈነ ቦይለር ያለበት ቤት ዛሬውኑ ኤሌክትሪኩን ያጥፋ፤ ውሃው ሲቀዘቅዝም የቧንቧ ሠራተኛ ጠርቶ ቡሎኑን ያስነቅል፥ የደኅንነት ቫልቩንም ያስለውጥ።